የጅቡን በር የዘጋሁ ሰሞን

ጅን አየሁ፣ ጋኔን ጠራኝ የሚል ሰው ሲያወራ ከመኪናዬ ቀና የማልል ልብስ ሰፊ ነበርኩ፣ እንዲያውም «ጫቱን ቀነስ አድርጉት» እያልኩ አሾፍባቸው ነበር፣ ስለዚህ ወዳጄ፣ ይህን የማጫውትህ ተረት ስለምወድ እንዳይመስልህ፣ ያየሁትን ነው።

ደርግ በወደቀ ማግሥት ሐረር፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ እሰፋ ነበር፣ የወታደር ካፖርት በጥቅል እየገዛሁ አጥብቤ እሸጣለሁ፣ ታዲያ አንዱን ጥቅል ስፈታ እንደ ካውያ የሚከብድ፣ የራሺያ ፊደል የተጻፈበት መነጽር ወጣ። ጎረቤቴ የድሮ ወታደር ነውና አይቶት ሳቀ፣ በጨለማ የሚያሳይ መሆኑን ነገረኝ፣ ባትሪ ገዝተን ሱቁን ዘግተን ሞከርነው፣ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ሆኖ ቁልጭ አለ፣ እንደ ልጅ ደስ አለኝ።

የምንኖረው ጀጎል ውስጥ ግንቡ ሥር ነበር፣ እኔ፣ ባለቤቴ አስቴርና የሦስት ዓመት ልጃችን ሜሮን። ማታ ማታ ጅቦች በግንቡ ቀዳዳ እየሾለኩ ግቢያችንን አቋርጠው ያልፋሉ፣ የአገሩ ሰው ወራባ ይላቸዋል፣ መንገድ ይለቅላቸዋል እንጂ አያባርራቸውም፣ እኔ የሰው አገር ሰው ግን ለልጄ ፈራሁና ቀዳዳውን በድንጋይ ደፈንኩት። አከራያችን አሮጊቷ አባይ ሩቂያ፣ ሐረሮች ትልቅ ሴትን አባይ ብለው ነው የሚያከብሩት፣ ሲያዩት ፊታቸው ጠቆረ።

«ልጄ፣ ጅኑን የሚበላልን ወራባ ነው፣ በሩን አትዝጋበት» አሉኝ። ለአፌ እሺ አልኳቸው፣ ድንጋዩን ግን አላነሳሁም።

ከዚያ ወዲህ ሜሮን ሌሊት እየተነሳች በሩን መቧጠጥ ጀመረች፣ እናቷ አጠገቧ ተኝታ «እማዬ ውጭ እየጠራችኝ ነው» ትላለች፣ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ግቢ ውስጥ ቆማ አገኘናት፣ መቀርቀሪያው ደግሞ እሷ የምትደርስበት አይደለም። ልጄን ሊሰርቅ የሚመላለስ ሰው አለ ብዬ ደመደምኩና መነጽሩን ይዤ ጣራው ላይ አደፈጥኩ።

መጀመሪያ ከግንቡ ውጭ ጅቦቹን አየሁ፣ በተደፈነው ቀዳዳ ፊት ቁጭ ብለዋል፣ አንዱም አይጮህም። ትንሽ ቆይቶ የቤታችን መቀርቀሪያ ቀጭ አለ፣ ሜሮን አንድ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ወጣች፣ ትልቅ ሰው እጇን ይዞ እንደሚወስዳት ሁሉ። በዓይኔ ሳያት ብቻዋን ናት፣ በመነጽሩ ሳያት ግን፣ እመነኝ፣ ከጎኗ ያለው አረንጓዴ የለም፣ በመቀስ ተቆርጦ የወጣ ይመስል የሴት ቁመት የሚያህል ጥቁር ነገር ብቻ አለ።

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም፣ ልጄን ወገቧን ይዤ ስስባት እጇ እምቢ አለ፣ የያዛት አይታየኝም፣ ግን ይጎትታል። በጩኸቴ አባይ ሩቂያ «አዑዙ ቢላሂ» እያሉ ወጡና ልጅቷን አቀፏት።

«ድንጋዩን አንሳ» አሉኝ ቀስ ብለው።

ጥፍሬ እስኪነቀል አነሳሁ፣ አንድ ትልቅ ጅብ ሱሪዬን ታክኮ ገባ፣ ልጄ አጠገብ ቆመና ባዶ አየር ነከሰ፣ አጥንት ሲደቅ በጆሮዬ ሰማሁ፣ ያኔ እጇ ተለቀቀ፣ ከአባይ ሩቂያ ተቀብዬ አቀፍኳት። መሬቱ ላይ ምንም አልነበረም።

አስቴር ይሄን ጊዜ ነቅታ እያዛጋች ወጣች፣ ምን ሆናችሁ ብላ ልጇን ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች። ሜሮን አንገቴ ሥር ተወሸቀች።

«እማዬን በላት» አለችኝ በሹክሹክታ፣ «ይቺ ማናት?»

ሕፃን ናት፣ ትረሳዋለች አልን። አሁን አድጋለች፣ ጨዋ ልጅ ናት፣ አስቴርን ሲያማት ከአጠገቧ አትጠፋም፣ ግን ከዚያ ሌሊት ወዲህ እማዬ ብላ ጠርታት አታውቅም፣ እንደ እንግዳ ሰው አንቱ ነው የምትላት። አስቴር በዚህ ታለቅሳለች፣ አጽናናታለሁ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር አጠገቧ እንቅልፍ አይወስደኝም።