ለማንም እንዳትነግሪ

ባምባሲ አጠገብ ባለ አንድ የሰፈራ መንደር ካሣዬና የሻረግ የሚባሉ ባልና ሚስት ይኖሩ ነበር። ሁለቱም በሰባ ሰባቱ ድርቅ በእናቶቻቸው ጀርባ ታዝለው ከወሎ የመጡ፣ እዚያው አድገው እዚያው የተጋቡ ናቸው። ሁለት ልጆች ቀብረው የቀረቻቸው አንዲት ሕብረት ብቻ ነበረች። እሷም በአሥራ አምስት ዓመቷ ትከሳ፣ ውኃ ጠጥታ አልረካ ትል ጀመር። ሐኪም ቤት ሲወስዷት ስኳር ነው ተባለ። ከዚያች ቀን ወዲህ ጧትና ማታ ሆዷን በመርፌ እየወጉ መኖር ዕጣዋ ሆነ።

የሻረግ ይህን ከጎረቤት ደበቀች። በሽተኛ የተባለች ልጅ ማን ያገባታል? ማንስ ሥራ ይሰጣታል? መድኃኒቱን ሙቀት እንዳያበላሸው እርጥብ አሸዋ ባለበት እንስራ ውስጥ ጓዳ ታስቀምጠው ነበር። እንግዳ ሲመጣ የጓዳውን መጋረጃ ትስባለች።

በ2013 ዓ.ም. በኮሮና ተዘግተው የቆዩት ትምህርት ቤቶች ተከፈቱና ሕብረት አሶሳ ኮሌጅ ደረሳት። አባቷ ፈራ።

«ኮሮናው ስኳር ባለበት ሰው ላይ ይጠናል ይላሉ። ይህን ዓመት ብትቆዪስ?»

«አባዬ፣ ቤት ብቀመጥ ስኳሩ ይተወኛል?» አለችው።

መናኸሪያ ሲሸኟት፣ ካሣዬ ሻንጣውን ሊያስጭን ዞር ሲል፣ የሻረግ የልጇን ማስክ እያስተካከለች ጆሮዋ ሥር «ለማንም እንዳትነግሪ» አለቻት። «መርፌሽን ሻወር ቤት ገብተሽ ውጊ። ካወቁ ይርቁሻል።»

«እሺ፣ እማ።»

ከዚያ በኋላ የሻረግ ቁጭ ብላ ትነሳለች፣ ተነስታ ምን ልታደርግ እንደነበር ይጠፋታል። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልክ ደውላ የልጇን ድምፅ ስትሰማ ብቻ እህል ትቀምሳለች። በሦስተኛው ሳምንት እሑድ ስልኩ ዝግ ሆነ። ሰኞም ዝግ። «ቻርጅ አልቆባት ይሆናል» አለ ካሣዬ፣ ግን እሱም ማሳው ላይ ጀምሮ የተወውን ሥራ ሳይጨርስ ሦስት ጊዜ ወደ ቤት ተመላለሰ። ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ሁለቱም አሶሳ የሚሄድ መኪና ላይ ወጡ። መንገዱ ለየሻረግ መቼም እንዲያ ረዝሞባት አያውቅም! መኪናው በቆመ ቁጥር ከመቀመጫዋ ብድግ ትል ነበር።

የኮሌጁ ዘበኛ በሩ ላይ አገዳቸው። «ወላጅ አይገባም፣ ማዘር። ኮሮና አለ።» ልመናቸው አሳዝኖት ግን ከሕብረት ጋር አንድ ክፍል የምታድረውን ኢቲዳልን አስጠራላቸው። ኢቲዳል የኩርሙክ ልጅ ነች። በአጥሩ ብረት ማዶ ቆማ ነገረቻቸው።

«ቅዳሜ ማታ አስመለሳት፣ ትንፋሽ አጠራት። ኮሮና ሊሆን ይችላል ብለው ለይቶ ማቆያ ወሰዷት። ውጤቱ ገና ነው።»

«ሻንጣዋስ?» አለች የሻረግ።

«ዶርም ነው። ምንም ሳትይዝ ነው የሄደችው።»

ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ... የሻረግ ብረቱን ጨብጣ በጉልበቷ ተንበረከከች። አራት ዓመት የደበቀችው ቃል ዘበኛውም አላፊ አግዳሚውም እየሰማ ከአፏ ወጣ። «ልጄ ስኳር አለባት። መድኃኒቷ ሻንጣዋ ውስጥ ነው። አድርሱላት፣ በወለደቻችሁ እናት።»

ኢቲዳል ፊቷ አመድ መሰለ። «ወላሂ አላወቅንም፣ እማማ። ብናውቅ እኛ ዝም እንላለን?» አለችና ወደ ኮሌጁ ነርስ ሮጠች።

አምቡላንስ መጣ፣ ሕብረትም ሆስፒታል ገባች። ሐኪሞቹ ያላቸውን ሁሉ አደረጉ፤ ደሟ ግን ከሦስት ቀን በፊት ጀምሮ መመረዝ ይዞ ነበር። ከቀትር በኋላ ዓይኗን ገለጠች። በማስክና በጋውን ከተሸፈኑት ሰዎች መካከል እናቷን ከማስኩ በላይ በታዩት ዓይኖቿ ለየቻት።

«እማ... ሲስተሯ ሌላ በሽታ አለብሽ ወይ አለችኝ። የለብኝም አልኳት።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «አልነገርኳቸውም። እንዳልሽኝ።»

ካሣዬ ይህን ሲሰማ ቀና ብሎ ሚስቱን አያት። አሥር ሰዓት ላይ ሕብረት አረፈች። በማግስቱ ውጤቱ መጣ፤ ከኮሮና ነፃ ነበረች።

በቀብሩ ላይ ሰው ተራርቆ ቆመ። ከኋላ ያሉት ሴቶች «ኮሮና ነው አሉ» እየተባባሉ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አጥብቀው ይይዙ ነበር። የሻረግ ሰማቻቸው። አፈሩ ተመልሶ ሲያበቃ ወደ ሕዝቡ ዞረች።

«ልጄ የሞተችው በስኳር ነው። አራት ዓመት ታማለች። መድኃኒት ነበራት። ደብቂ ያልኳት እኔ ነኝ።»

ካሣዬ ከሆስፒታል ጀምሮ ቃል አልተነፈሰም ነበር። ከወንዶቹ መካከል ቀስ ብሎ ወጥቶ መጣና እጇን ይዞ ከጎኑ አፈሩ ላይ አስቀመጣት። «ጓዳው የእኔም ጓዳ ነው» አላት። «መጋረጃው ሲሳብ አይቻለሁ። ዝም ብያለሁ።» ያን ጊዜ የሻረግ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች፤ ራሷን ደረቱ ላይ ጥላ፣ ሰው ሁሉ ተበትኖ እስኪሄድ ድረስ።

ቀኑ ሳይደርስ ማንም አይሞትም ይላሉ ሽማግሌዎች፣ ኀዘንተኛን ለማጽናናት። ይሁን። ግን ያችን ልጅ ከዓለም የነጠቃት ዕጣዋ ነው ወይስ የእናት ፍቅር ከሰው ዓይን ፍርሃት ጋር ተቀላቅሎ? ይህን ፈራጅ ያውቃል... ካሣዬና የሻረግ ግን ዛሬም ድረስ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሥራቸውን ትተው አጠገብ ለአጠገብ ይቀመጣሉ፤ የሚደውሉለት ባይኖርም።