ደም ያነቡ ፖፕላሮች

የእልማርን ከተማ ከጉም አውሬዎች የሚጠብቋት ፖፕላር የተባሉ ሺህ ረጃጅም ዛፎች፣ በንጉሥ ዘራማር የንግሥ በዓል ዕለት፣ በጠራራ ፀሐይ ግንዳቸው ተሰንጥቆ ደም አነቡ። የመቅደሱ ሊቅ ቀርቦ፣ «የአትክልተኛቸው ደም ይጮኻል። የዛፉን እውነተኛ ምንጭ የሚገልጥ እስኪገኝ ድረስ ደማቸው አይደርቅም» አለ።

የጦር አበጋዙ ጎርማዝ ሳቀ። ዘሩን ከጠላት አገር ደን ማርኬ አበቀልኩት ብሎ የተሾመው እሱ ነበርና። በዚያን ጊዜ ዘሚራ ከሕዝቡ መካከል ወጣች። አባቷ ኤልዛር የቤተ መንግሥት አትክልተኛ ነበር፤ ከዐሥር ዓመት በፊት ታርዶ ተገኝቷል።

«ግርማዊ ሆይ፣ ዛፉን ያዳቀለው አባቴ ነው። እሱ የነገረኝን ምስክር ከኬራን ሸለቆ ባመጣ፣ የገዳዩን አንገት ይስጡኝ።»

«በዘውዴ እምላለሁ፣ ይሰጥሻል።»

መንገዱን የሚያውቀው ሐናል የተባለ ሽማግሌ ወታደር ብቻ ነበር። በሰባተኛው ቀን፣ ከሸለቆው አፋፍ ሲደርሱ፣ ሐናል ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ልጄ፣ ይህን ሳትሰሚ አልወርድም። ጎርማዝ ሲያርደው የአባትሽን እጅ የያዝኩት እኔ ነኝ።»

ዘሚራ ሰይፏን መዘዘች። ከዚያ መልሳ ከተተችው።

«ተነሥና ምራኝ» አለችው። «ያንተ ተራ ስንመለስ ነው።»

ከሸለቆው ወለል እናቲቱ ፖፕላር ቆማለች፤ ሴቴ ናት፣ ቅጠሏ የልብ ቅርጽ ያለው ሰፊ። ድባራ የተባለው ባለ ድንጋይ ክንፍ አውሬ ግንዷ ላይ ተጠምጥሟል። ሐናል ጦሩን አንሥቶ፣ «እኔ ስይዘው አንቺ ዛፏ ላይ ውጪ» አለና ገሠገሠ። ዘሚራ አባቷ ምልክት ያሰረበትን ቅርንጫፍ ቆርጣ ስትወርድ ሽማግሌውና አውሬው ተያይዘው ገደል ገብተው ነበር። የበቀሏ እኩሌታ ከእጇ አመለጠ። አለቀሰች፤ ለማን እንደምታለቅስ ግን አላወቀችም።

ዘሚራ ተመልሳ ቅርንጫፉን በንጉሡ ችሎት ስታቀርብ ጎርማዝ፣ «ይህማ የማንም ዛፍ ቅርንጫፍ ነው» አለ።

«የእልማርን ሺህ ዛፎች አበባ አይቻለሁ» አለች ዘሚራ። «ሁሉም ወንዴ ናቸው። አንተ እንዳልከው ከዘር በቅለው ቢሆን እኩሌቶቹ ሴቴ በሆኑ። ከአንድ ዛፍ ተቆርጠው የተተከሉ ናቸው፤ የዚያም ዛፍ እናት ይህች ናት።»

ቅርንጫፉን አዞረችው። ቅርፊቱ ግማሹን በዋጠው የመዳብ ቀለበት ላይ እንዲህ ተቀርጿል፦ «በወንዙ ዳር ዛፍ የአበባ ብናኝ አዳቀልኳት። ኤልዛር።» ዘሚራም፣ «ስታርደው እጁን ይዞልህ የነበረው ሐናል ከመሞቱ በፊት ሁሉን ነግሮኛል» አለችው።

ንጉሡ ሰይፉን ሰጣት። ጎርማዝ ተንበረከከ።

«ማሪኝ፣ ልጄ።»

«አባቴ ማረኝ ብሎህ ነበር?»

ሰይፉ ወረደ፤ የዛፎቹም ደም ደረቀ።

ንጉሡ የዛፉን ስም ቢጠይቃት «ኤልዛር» አለች። ከዚያ ደም የነካውን ልብሷን ሳትለውጥ ወደ ሐናል ሚስት ቤት ሄደች። አሮጊቷ ባሏ እንዴት እንደሞተ ጠየቀቻት። ዘሚራ አጠገቧ ተቀምጣ፣ ሐናል የአባቷን እጅ ከያዘበት ቀን ጀምራ ምንም ሳታስቀር ነገረቻት።