ዜድ ላይ የተለጠፈችው ቀይ ምልክት

መሐንዲሷ ከደረጃው ግርጌ ሞተው የተገኙት፣ ቢሮው ቀለም ይቀባል ተብሎ ሠራተኛው ሁሉ ከቤቱ በሚሠራበት ሳምንት ነው። መነጽራቸው ግን ላይኛው ኮሪደር ላይ ተረግጦ ተገኘ። መነጽሩን ላይ አስረግጦ ታች የሚወድቅ ሰው የለም፤ ተገፍተዋል።

ፖሊስ ተጠርጣሪ ፍለጋ ብዙ አልደከመም። ደጅ ላይ ያገኘውን ይዞ መግባት ይወዳልና፣ በዚያ ከሰዓት ሕንፃው ውስጥ የነበረውን የኔትዎርክ ሠራተኛ ያዘ። መሥሪያ ቤቱ «ገመዱ» ይለዋል፤ ስለቀጠነ ነው እንጂ ሥራውን አክብሮ አይደለም። ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ቤቱ ደግሞ እሱ ካላገላበጣት የማትገላበጥ እናት ተኝታለች። ማን ውኃ ሰጣት? ገመዱ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻለም።

«የሟቿ የመጨረሻ ስልክ ወደ አንተ ነው» አለችው መርማሪዋ። አጭር ናት፤ አተኩራ ስታይ ግን ረጅሙም ያጥራል። «ምን አልካቸው?»

«‹ዜድ እምቢ አለኝ ልጄ› አሉኝ። ፕላኖቹን ኮምፒውተር ላይ የምናስቀምጥበት የጋራ ቦታ ነው፤ ዜድ። ሳምንቱን ሙሉ ሁሉም ስለ እሱ ነው የሚደውለው። ሰለቸኝ። ‹እትዬ፣ ካልሆነልዎት ይምጡና እዚሁ ይሥሩ› አልኳቸው።» ፊቱን ሸፈነ። «መጡ።»

«አንተስ የት ነበርክ?»

«ምድር ቤት፣ ዜድ ያለበት ሰርቨር ዘንድ። የማቀዝቀዣው ጩኸት እንኳን ሰው ሲወድቅ፣ ቤቱ ቢፈርስም አያሰማም።»

«ምስክር አለህ?»

«ማን ይኖረኛል!»

መርማሪዋ ወንበሯን አስጠጋች። «ለመሆኑ ዜድ ለምን እምቢ ይላቸዋል?»

«ኮምፒውተሩ ገና እንደተከፈተ ዜድን ይፈልጋል። ከቤት ሲሆን ደግሞ ወደ ቢሮው የሚያስገባው ቪፒኤን በዚያ ሰዓት አልተገናኘም። ደጁ ሳይከፈት ጓዳውን ሲፈልግ ያጣዋ! ቀይ ምልክት ይለጥፍበታል። ቪፒኤኑ ከተገናኘ በኋላም ሰርቨሩን በስሙ ቢጠሩት አይሰማም፤ በቁጥሩ ነው። ስሙ የሚሠራው እዚህ ቢሮ ውስጥ ብቻ ነው። እስካስተካክለው ብዬ ቁጥሩን በስልክ እነግራቸዋለሁ።»

«ለሁሉም?»

«ለሥራ አስኪያጁ፣ ለጸሐፊዋ፣ ለእትዬ...»

«ለሟቿ ምክትልስ?»

«እሱ እንኳ አልደወለልኝም።»

«ጎበዝ ነዋ።»

ገመዱን በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሃል ሳቅ አመለጠው። «እሱ? ማተሚያው ወረቀት ሲጨርስ ተበላሸ ብሎ የሚጠራኝ ሰው ነው!»

መርማሪዋ አልሳቀችም። ተነሥታ ወጣች፤ እሱም እንደገና ስለ እናቱ ማሰብ ጀመረ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ገመዱ ወደ ፍርድ ቤት ከመሄዱ በፊት፣ መርማሪዋ ሁሉንም ቀለም በሚሸተው አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ምክትሉ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ጫማው ፊት ያሳያል፤ ፊቱ ግን ምንም አያሳይም።

«እርሳቸው በሞቱበት ሰዓት የት ነበርክ?»

«ቤቴ። ፕላን ሠርቼ ዜድ ላይ አስቀምጫለሁ። ስሜም ሰዓቱም አለበት። ገመዱን ይጠይቁት።»

«እውነት ነው፤ አይቼዋለሁ» አለ ገመዱ። በገዛ አፉ መቃብሩን የሚቆፍር መሰለው።

«ከቤትህ እንዴት ከፈትከው?»

«እንዴት ይከፈታል? ተጫንኩት፣ ተከፈተ!»

«በሞቴ!» አለች ጸሐፊዋ። «ዝም ብሎ? እኔን እኮ አስለቅሶኛል።»

«እኔማ ኮምፒውተሩን በመስኮት ልወረውረው ነበር» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«የእኔ አዲስ ነው» አለ ምክትሉ።

መርማሪዋ የእሱኑ ላፕቶፕ ፊቱ አኖረች። «ኢንተርኔቱ ከስልኬ ነው፤ ከቢሮው አይደለም። ቤቴ ነኝ በልና ክፈትልን።»

ተጫነው። ቀይ ምልክት። ደግሞ ተጫነው። ቀይ።

«ቪፒኤኑን አስቀድም እንጂ!» አለችው ጸሐፊዋ፣ አላስችል ብሏት። አስቀደመ፤ አሁንም አልተከፈተም። ቁጥሩን ማን ነግሮት!

«ከቤትህ አንድም ቀን አልከፈትከውም» አለች መርማሪዋ። «ያን ቀን ግን ስምህ ዜድ ላይ አለ። ተጫንኩት ተከፈተ የሚባልበት ቦታ ደግሞ አንድ ነው፤ እዚሁ፣ ጠረጴዛህ ላይ። የጓሮው በር ቁልፍ አንተ ዘንድ መሆኑን ሥራ አስኪያጁ ነግሮኛል። ያስቀመጥከውን ፕላን ገመዱ በየማታው ከሚያስቀረው ቅጂ ጋር አስተያየሁት። አንተ የነደፍከው፣ ኋላ የተሰነጠቀው ትምህርት ቤት ፕላን ነው። ምሰሶው ብረት አንሶት ነበር፤ አንተ ያን ቀን ወረቀቱ ላይ ጨመርክለት። ጥፋቱ የግንበኞቹ ሊሆን ነበር። ነገር ግን እርሳቸው ሳይታሰብ መጡና አዩህ።»

ምክትሉ ላፕቶፑን ከደነው።

«ለመንኳቸው» አለ ምክትሉ። «ስሜን አያጥፉት ብዬ ለመንኳቸው። ‹ልጆች አሉበት› አሉኝ። ከዚያ ሌላ ቃል አልወጣቸውም።»

ይዘውት ወጡ። ገመዱን ለቀቁት፤ ደስ አላለውም። ካልሆነልዎት ይምጡ ያለው እሱ ነው፤ ይህን ምን ፖሊስ ይፈታለታል?

ደጅ ሲደርስ ስልኩ ጮኸ። መስክ ሰንብተው ወሬውን ገና ያልሰሙት ቀያሹ አዛውንት ናቸው።

«ልጄ፣ ዜድ እምቢ አለኝ። ቢሮ ልምጣ እንዴ?»

«እንዳይመጡ!» ብሎ ጮኸ፤ መንገደኛው ዞሮ አየው። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከቤትዎ አይውጡ፣ አባባ። እናቴን ላገላብጣትና እኔው እመጣለሁ።»