አምስተኛው ረድፍ

በጽላሎት ከተማ አውጫጭኝ በተጠራ ቀን ቁርስ የለም። ሁለት መቶ አስራ ሰባቱም ነዋሪ በባዶ ሆዱ አዳራሽ ይገባል፤ በሩ ይዘጋል፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ የሚወጣ የለም። «ጨረቃ ላይ መኖር ቀላል ነው፤ ከባዱ ጨረቃ ላይ ተሰብስቦ መራብ ነው» እያሉ ጎረምሶቹ ያሾፋሉ፤ ከፊት የተቀመጡት እናቶች ዞር ብለው ሲያዩዋቸው ደግሞ ጸጥ ይላሉ።

ልማዱ ከምድር የመጣ ነው። በድሮ ጊዜ ከብት ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል አገሩ ሁሉ ዛፍ ሥር ይሰበሰብ ነበር። ነገሩን ያየ ሰው በአደባባይ አይናገርም፤ ለሽማግሌ በጆሮው ሹክ ይላል። ሽማግሌውም ነጋሪውን ደብቆ «ወፍ ነገረችኝ» ይላል። የጽላሎት ቆርቋሪዎች ዛፉን ማምጣት አልቻሉም፤ ወፏን ግን ሠሯት። በየግድግዳው፣ በየቧንቧውና በየበሩ እጀታ ዐይንና ጆሮ ያላት፣ ከአዳራሹ ጣሪያ ደግሞ ቡጢ በምታህል ድምፅ ማጉያ የምትናገር ማሽን ናት። ሁሉን ታያለች። ቆርቋሪዎቹ ግን «ማሽን ተነሥታ በሰው ላይ ጣቷን አትቀስርም፤ ሰውን የሚወነጅል ሰው ይሁን» ብለው አንደበቷን ገደቡት። በአንድ ጉዳይ አምስት ፍንጭ ትሰጣለች። ስም ጠርታ «አይደለም» ማለት ትችላለች፤ ስም ጠርታ «ነው» ማለት ግን አትችልም። «ነው» የሚለው ሠሌደኛው ነው፤ ፍንጮቹን ሠሌዳ ላይ እየደረደረ ጥፋተኛውን የሚለየው ሰው።

የዛሬዋ ሠሌደኛ እታፈራሁ ናት። ሥራዋ ቧንቧ መግጠም ሲሆን ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ እዚህ ቦታ ስትቆም የመጀመሪያዋ ነው። የመረጧት አርባ ዓመት በዳኝነት የኖሩት ጋሽ ወንድይፍራው ናቸው። ለእሷ ግን ዳኛ ብቻ አይደሉም። የምሥራቁ ጣሪያ ተሰንጥቆ እናትና አባቷ ሲሞቱ እሷ አስራ ሁለት፣ እህቷ ትርሲት አራት ዓመቷ ነበር፤ ሁለቱንም ወስደው ያሳደጓቸው እሳቸው ናቸው። ሠሌዳ ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው፤ ከእራት በኋላ ጠረጴዛው ላይ ባቄላ እየደረደሩ።

ክፋቱ፣ ዛሬ ትርሲትም ከተጠርጣሪዎቹ አንዷ ናት።

የሞተው እርሾው ነው። ጽላሎት የምትተነፍሰው በአስራ አንድ ገንዳ ውስጥ ከሚያድግ ዋቅላሚ፣ ማለትም ውኃ ላይ ከሚበቅል አረንጓዴ ነገር ነው። አንዱ ገንዳ ሲታመም የሚታደሰው እርሾ ቤት ባለው አንድ የመስታወት ማሰሮ ከሚጠበቀው የዋቅላሚ ዘር፣ ከእርሾው፣ ተቀድቶ ነው። ትናንት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ሰው የማሰሮውን ክዳን ከፍቶ ትቶት ወጣ፤ ብርዱ ገባ፤ እርሾው አመድ መሰለ። አዲስ እርሾ ከምድር እስኪመጣ አራት ወር ይፈጃል። እስከዚያ አንድ ገንዳ ቢታመም ሰው በየተራ ሊተነፍስ ነው።

ቅጣቱም ቀላል አይደለም። ጥፋተኛው ወደ ጠርዝ ይወጣል፤ ከተማዋ ከተሠራችበት ጉድጓድ አፍ ላይ ባለችው የበረዶ ጠባቂ ጎጆ አምስት ዓመት ብቻውን ይቀመጣል። ጥፋተኛው ካልተለየ ደግሞ በሠሌዳው ላይ የተጻፉት ሁሉ ይወጣሉ። የተጻፉት አራት ናቸው፤ በዚያ ሰዓት በታችኛው ወለል ተረኛ የነበሩት ኢዘዲን፣ ጎበና፣ ፈለቀችና ትርሲት። አራቱም አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው አፋቸው በነጭ ጭምብል ተሸፍኗል። ተጠርጣሪ ከወፏ በፊት አይናገርም፤ አፍ ይዋሻል ተብሎ።

እታፈራሁ ግድግዳው ላይ በብርሃን የተሣለውን ሠሌዳ አየች። በረድፍ አራት ስም፣ በዓምድ አራት ክፍል፦ እርሾ ቤት፣ ፓምፕ ክፍል፣ በረዶ መፍጫ፣ ጥገና ክፍል። አስራ ስድስት ባዶ ሳጥን። ወፏ መጀመሪያ የታወቀውን ተናገረች፤ ትናንት በስምንት ሰዓት እያንዳንዱ ተረኛ ከአራቱ በአንዱ ክፍል ነበር፤ በአራቱም ክፍል ሰው ነበረ።

«አስታውሺ ልጄ» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው ከዳኛው ወንበር ሆነው። «ለአንድ ክፍል አንድ ሰው። እሱን ከያዝሽ ሌላው ራሱ ይመጣል።»

«እሺ አባዬ» አለች። ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው ኖራለች።

«ፍንጭ አንድ» አለች ወፏ። «ኢዘዲን እርሾ ቤት አልነበረም። በረዶ መፍጫም አልነበረም።»

እታፈራሁ በኢዘዲን ረድፍ ሁለት ኤክስ አደረገች። የኢዘዲን ትከሻ ትንሽ ወረድ አለ። ሚስቱ ከኋላ «አልሐምዱሊላህ» ስትል ተሰማች።

«ፍንጭ ሁለት። ፓምፕ ክፍል ውስጥ ወንድ አልነበረም።»

ኢዘዲንና ጎበና ከፓምፕ ክፍል ወጡ። ለኢዘዲን የቀረው ጥገና ክፍል ብቻ ነው፤ እዚያ ክብ ሣለችለት። ለአንድ ክፍል አንድ ሰው ነውና ሌሎቹን ሦስቱን ከጥገና ክፍል ሰረዘች።

«ፍንጭ ሦስት። የበረዶ መፍጫውን ማንሻ ያንቀሳቀሰው ግራ እጅ ነው።»

አዳራሹ ሳቅ አለ። ከአራቱ ግራኝ ጎበና ብቻ ነው፤ ግራኝነቱም በየሠርጉ ላይ የሚቀለድበት ነው። ጎበና መፍጫው ላይ ክብ ተሣለለት። የቀሩት ሁለቱ ሴቶች፣ የቀሩትም ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ ፓምፕ ክፍልና እርሾ ቤት። ሳቁ ወዲያው ቀዘቀዘ። እታፈራሁ ወደ አግዳሚው ወንበር ዞረች።

ትርሲት ከጭምብሉ በላይ ዐይኗን አፍጥጣ ታያታለች። ጭንቅላቷን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ነቀነቀች። ፈለቀችም እንደዚያው አደረገች። ጥፋተኛም፣ ንጹሕም፣ ሁሉም ይነቀንቃል። እታፈራሁ ፊቷን ወደ ሠሌዳው መለሰች።

«ፍንጭ አራት። ፈለቀች እርሾ ቤት አልነበረችም።»

ኤክስ። ስለዚህ ፈለቀች ፓምፕ ክፍል ናት፤ ክብ። ፓምፕ ክፍል ሰው ካገኘ ትርሲት እዚያ የለችም፤ ኤክስ። የቀረው ሳጥን አንድ ነው። እታፈራሁ እጇን አንሥታ በትርሲት ረድፍ፣ እርሾ ቤት ሥር፣ ክቡን ሣለች። ሥራ ሥራ ነው አለች በልቧ። እህቴም ብትሆን ሠሌዳው ያለውን ነው የምጽፈው።

ሰዉ በአንድ ጊዜ ተነፈሰ። ጋሽ ወንድይፍራው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«በቃ፤ ሠሌዳው ሞልቷል» አሉ። ድምፃቸው ሰልሏል። «ከባድ ነው። ለእኔም ልጄ ናት። ግን እንዝጋው።»

«አንድ ፍንጭ ቀርቷል አባዬ።»

«ምን ይሠራልሻል? ሳጥን ሁሉ ሞልቶ? እህትሽን በሰው ፊት ደጋግሞ መግደል ነው የሚሆነው።»

ልቧ ራራ። እውነታቸውን ነው፣ ስለ ትርሲት አዝነው ነው ብላ አሰበች። ልታቋርጠውም ነበር። ነገር ግን ቧንቧ ገጣሚ የመጨረሻውን ብሎን ሳያጠብቅ ዕቃውን አይሰበስብም፤ አስራ ሦስት ዓመት የለመደ እጅ አልታዘዝ አላት።

«ይቅርታ አባዬ፣ የጀመርኩትን አላጎድልም። ወፍ፣ አምስተኛው።»

«ፍንጭ አምስት» አለች ወፏ በዚያው በማይለዋወጥ ድምፅዋ። «ፓምፕ ክፍል ውስጥ ይተነፍሱ የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው።»

እታፈራሁ መጀመሪያ አልገባትም። ሁለት ሰው በአንድ ክፍል? ቀስ ብላ ከሥር ጀመረች። ፓምፕ ክፍል ወንድ አልነበረም፤ ኢዘዲንም ጎበናም ወጡ። የቀሩት ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ፍንጩም ሁለት ይላል። ፈለቀችና ትርሲት አብረው ነበሩ። የትርሲትን ክብ አጥፍታ ፓምፕ ክፍል ላይ ሣለችው፤ እርሾ ቤት ሥር ኤክስ አደረገች። ትርሲት ዐይኗን ጨፈነች፤ እንባዋ ጭምብሉ ላይ ወረደ።

እታፈራሁ ግን ደስ ለማለት ጊዜ አላገኘችም። የእርሾ ቤትን ዓምድ ከላይ እስከ ታች አየችው። ኤክስ፣ ኤክስ፣ ኤክስ፣ ኤክስ። ማንም የለበትም። ወፏ ደግሞ በአራቱም ክፍል ሰው ነበረ ብላለች፤ ወፏ አትዋሽም።

«ማሽኗ ተበላሽታለች!» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«ፍንጩ ተምታታ ማለት ነው» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው ፈጠን ብለው። «ሕጉ ግልጽ ነው፤ ካልተለየ አራቱም...»

«ቆይ» አለች እታፈራሁ።

ለአንድ ክፍል አንድ ሰው። ይህን ማን አለ? ወፏ አላለችም። የከተማው ሕግም አላለም። ያሉት እሳቸው ናቸው፤ ጥንት በባቄላው ላይ፣ ዛሬም ከመጀመሩ በፊት። አምስተኛውን ፍንጭ አትስሚ ያሉትም እሳቸው ናቸው። ሠሌዳው አልተበላሸም። የጎደለው ረድፍ ነው። እርሾ ቤት የሚከፈተው ለተረኞች እጅ ብቻ ነው፤ ከእነሱ ሌላ በከተማው በር ሁሉ የሚከፈትለት እጅ አንድ አለ። ይህን ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። ግን ዳኛ ሠሌዳ ላይ አይጻፍም። የከለከለ ሕግ የለም፤ ነውር ስለሆነ ብቻ ነው።

ጣቷን አንሥታ ከአራቱ ስሞች ሥር አዲስ መስመር አሰመረች። አዳራሹ ተንጫጫ። «ወ» ብላ ጻፈች።

«እታፈራሁ!» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው። «ምን እያደረግሽ ነው? በሕዝብ ፊት!»

«አባዬ፣ በእርስዎ እጅ የማይከፈት በር አለ?»

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። እሷም ጽሑፏን ቀጠለች። ስሙ ረጅም ነው፤ እያንዳንዱን ፊደል ስትጽፍ ከልጅነቷ አንድ ነገር የሚነቀልባት መሰላት። የመጨረሻውን ፊደል ጽፋ ወደ ጣሪያው ቀና ስትል፣ ሽማግሌው ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ጣሉት።

«ወፏን ተያት፤ ፍንጯን ጨርሳለች። እኔ ነኝ።»

ከፊት ከተቀመጡት አንዲት እናት «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» አሉ፤ ለማንም አልነበረም።

«አረንጓዴ ነገር ማየት ደስ ይለኛል» አሉ ሽማግሌው። «በየሳምንቱ እገባ ነበር። ክዳኑን አነሣሁ፤ አየሁ፤ የመለስኩት መስሎኝ ወጣሁ። ሞተ ሲሉኝ ነው ትዝ ያለኝ። አርባ ዓመት በሰው ስፈርድ ኖሬ ዛሬ ረሳሁ ልበል? ማን ያምነኛል? ማንስ ከዚህ በኋላ ይታዘዘኛል?»

«ትርሲት ልትሄድ ነበር እኮ። በእጅዎ አጉርሰው ያሳደጓት ልጅ።»

«ወደ እሷ ይደርሳል አላልኩም። ኢዘዲን ላይ የሚያርፍ መስሎኝ ነበር።»

ኢዘዲን ከወንበሩ ተነሥቶ ቆመ፤ ተመልሶ ደግሞ ተቀመጠ። ምን እንደሚያደርግ ያወቀ አይመስልም።

እታፈራሁ መጠየቅ ያልፈለገችው አንድ ጥያቄ ነበራት። መልሱን ሳይሰማ ጆሮዋ ያወቀው ይመስል ጋለ። ቢሆንም ጠየቀች።

«እኔን ለምን መረጡኝ? ጎበዝ ናት ብለው መስሎኝ ሌሊቱን በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

«ጎበዝማ ነሽ።»

«አባዬ።»

ሽማግሌው ዐይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ሌላ ሠሌደኛ ምናልባት ስሜን ይጽፍ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። አንቺ አትጽፊውም። አንቺ ብትሞቺም አትጽፊውም ብዬ ነው።»

ተከዳች። ሌላ ቃል የለውም። አስራ ዘጠኝ ዓመት ያከበረችው፣ የወደደችው፣ ድምፁን ሰምታ የምትነሣለት ሰው፣ ያንን ፍቅር እንደ መፍቻ አንሥቶ ሊሠራበት ነበር። ልትጮህ ፈለገች፤ ከአፏ የወጣው ግን ዝቅ ያለ ድምፅ ነው፤ ወደ ጣሪያውም ዞረች።

«አንቺስ? ታውቂ አልነበር?»

«አውቅ ነበር» አለች ወፏ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ፍንጭ የምሰጠው ሠሌዳው ላይ ስለተጻፉ ሰዎች ነው። ማን እንደሚጻፍ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ።»

እታፈራሁ በዚያች ደቂቃ ቆርቋሪዎቹን አሰበቻቸው። ማሽን ሰውን እንዳትወነጅል ያን ያህል ተጨንቀው ሕግ ሲያወጡ፣ የሰው እጅ ራሱ የማይደፍረው ስም እንዳለ ለአንዳቸውም አልታያቸውም። ስንት ዓይነት ዐይን ለግድግዳ ተገጠመ፤ ያልተጻፈውን ግን ማንም አላየም። በእነዚህ አርባ ዓመታት ወደ ጠርዝ የወጡት ሰዎች ፊታቸው አንድ በአንድ መጣባት። ስንቱ ነው ሌላ ሳጥን ስላጣ ብቻ ክብ የተሣለበት?

ሽማግሌው ራሳቸው ሄደው ከአግዳሚው ወንበር ጫፍ ተቀመጡ። የሚይዛቸውም፣ የሚገፋቸውም አልነበረም። ጎበና ትንሽ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላቸው።

እታፈራሁ ወደ እህቷ እየሮጠች ሄዳ ጭምብሉን በገዛ እጇ ፈታችው። አቅፋ ልትስማት ስትል ትርሲት በመዳፏ ደረቷን ገፋ አድርጋ አቆመቻት።

«አመንሽ አይደል?» አለች ትርሲት።

«ትርሲትዬ፣ ሠሌዳው እኮ...»

«አየሁሽ። ያንን ክብ ስትስይ እያየሁሽ ነበር። ጭንቅላቴን እየነቀነቅኩልሽ ፊትሽን አዞርሽ። እጅሽ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።»

«ሥራዬ ነው ብዬ ነው። ማዳላት መስሎኝ...»

ትርሲት ከፈለቀች ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዛ ተነሣች። ድምፅዋ አልቅሶ ያበቃ ሰው ድምፅ ነበር።

«እሳቸውን ለመጠርጠር ሳጥን ሁሉ እስኪያልቅብሽ ጠበቅሽ» አለቻት። «እኔን ለመጠርጠር አራት ፍንጭ በቃሽ።»