የካፖርቱ ቁልፍ

«ሹሜ፣ ምሳው ከየት አገር ነው የሚመጣው?» አሉ አያቷ ከሳሎን።

ሹሟ ከምድጃው ፊት ቆማለች። ከፍሪዘሩ ያወጣችው የሩዝ ከረጢት በሁለት እጇ ውስጥ ነው፤ እንደ ደብተር ጠፍጣፋ፣ እንደ ድንጋይ ደረቅ። ጣቶቿን አደንዝዟቸዋል፤ ግን ወደ ድስቱ መጨመሩም፣ ወደ ፍሪዘሩ መመለሱም አልሆንላት ብሏል።

«እየመጣ ነው አባባ» አለች በመጨረሻ።

«መንገድ ተዘግቶበት ከሆነ ንገሪኝ፤ አቋራጭ አሳይሻለሁ።»

አያቷ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ስለ ምግብም ይሁን ስለ ጤና ሲያወሩ መንገድና መኪና ሳያነሱ አይውሉም። በቅርቡ ሆዳቸውን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ወደ ቤት ሲመለሱ፣ የሆስፒታሉ ነርስ ሹሟንና እናቷን በሩ ላይ አቁማ «ሆዳቸው ገና የሕፃን ሆድ ነው። የሚበሉትን እናንተ ጠብቁላቸው» ብላ ነበር። እናቷ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ሹሟም አጠገቧ ቆማ ነቀነቀች።

«ሹሟ» የሚለውን ስም ያወጣችላት እናቷ ናት፤ ሹመቱ ደግሞ በፍሪዘሩ ላይ ነው። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። የአንድ ፋብሪካ ሠራተኞችን የደንብ ልብስ የመስፋት ሥራ ከመጣ ወዲህ ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትገባው። ስለዚህ በዕረፍት ቀኗ ትልቁን ድስት ጥዳ ሩዝ ትቀቅላለች። ሲበስል ድስቱ ውስጥ አታቆየውም፤ ወዲያው በሰፊ ትሪ ላይ በስሱ ዘርግታ መስኮቱ ሥር ታቀዘቅዘዋለች። እንፋሎቱ እንዳለቀ በላስቲክ ከረጢት እየከፈለች፣ አየሩን እያስወጣች፣ በመዳፏ ጠፍጥፋ ፍሪዘሩ ውስጥ እንደ መጻሕፍት ትደረድረዋለች። ስስ ሲሆን ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ቶሎም ይሞቃል። አንዴ የሞቀ ደግሞ ተመልሶ ፍሪዘር አይገባም፤ ይህ በዚያ ቤት ሕግ ነው።

ሕጉ ያለ ምክንያት አልወጣም። ሹሟ ትንሽ ሳለች፣ እናቷ ድክም ብሏት አንድ ድስት ሩዝ ውጭ አሳድራ፣ በማግሥቱ እስኪንተከተክ አሙቃ በልተውት ነበር። ያን ቀን እናትና ልጅ ሲያስመልሳቸው ዋለ። «እሳት ሁሉን የሚገድል መስሎኝ ነበር» ትላለች እናቷ ያን ስታስታውስ። «ሩዝ የዋህ ይመስላል እንጂ ተንኮለኛ ነው። አንዴ ከተበላሸ ብታፈዪውም አይመለስም።»

ችግሩ፣ በሰፈሩ መብራት ሲያሻው ይጠፋል፤ ያውም ሰው ቤት በሌለበት ሰዓት። ለዚህም እናቷ ዘዴ አላት። ፍሪዘሩ ውስጥ የበረዶ ብርጭቆ አለ፤ በረዶው ላይ ከአሮጌ ካፖርት የተፈታች ትልቅ የብረት ቁልፍ ተቀምጣለች። መብራት ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ በረዶው ከሟሟ ቁልፏ ወደ ታች ትሰምጣለች፤ መብራቱ ሲመለስ ውኃው ከላይዋ ይጋገርባታል። ቁልፏ ከላይ ከሆነች ይበላል፤ ከታች ከሆነች ይጣላል። ይህን እያየች የምትፈርደው ሹሟ ናት።

እንግዲህ ከትናንት በስቲያ ጓደኛዋ ዲጄዋ ስፒከሯን ተሸክማ መጣች። ዲጄ የሚሏት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ ያለ ስፒከር የትም አትሄድም። ለትምህርት ቤቱ መዝጊያ ዝግጅት ጭፈራ ሊለማመዱ ነበር። ከኩሽናው ሶኬቶች ደህና የሚሠራው ደግሞ የፍሪዘሩ ብቻ ነው። ለአንድ ዘፈን ብለው ነቀሉት። አንዱ ዘፈን ሌላውን እየጠራ፣ እየሳቁና እየተጋጩ አመሹ፤ አያቷ በደህናው ጆሯቸው ላይ ተኝተው ምንም አልሰሙም። ከዚያ የዲጄዋ እናት ደወለች፣ ልጅቷ ስፒከሯን አቅፋ ሮጠች፣ ሹሟም የቤት ሥራዋ ትዝ አላት። የፍሪዘሩ ገመድ ወለሉ ላይ ተጋድሞ አደረ።

ትናንት ከትምህርት ቤት ሁለቱም አብረው ሲመለሱ የኩሽናው ወለል ላይ ውኃ ተኝቷል። ከረጢቶቹ እንደ ትራስ ለስልሰዋል፣ ለብ ብለዋል። ቁልፏም ብርጭቆው ሥር ቁጭ ብላለች።

«አለቀልኝ» አለች ሹሟ።

«አታካብጂ!» አለች ዲጄዋ። «ሰክተሽው ዝም ነው። ነገ ድንጋይ ሆኖ ይጠብቅሻል። ማን ያውቃል?»

«ቁልፏ ታውቃለች።»

ዲጄዋ ጣቷን ብርጭቆው ውስጥ ነክራ ቁልፏን አወጣችና በሹሟ መዳፍ ላይ አስቀመጠችላት። «በይ፣ አሁን አታውቅም።»

ወለሉን ወለወሉ፣ ፍሪዘሩን ሰኩ። ምሳም እራትም እንቁላልና ዳቦ ሆነ፤ ሩዝ ሰለቸኝ አለች ሹሟ፣ ማንም አልጠየቃትም። ማታ ከመተኛቷ በፊት በረዶው መያዙን በጣቷ ነካ አድርጋ፣ ቁልፏን ከላይ አስቀመጠቻት።

ከሁሉ የባሰው ግን የዛሬ ጠዋቱ ነው። እናቷ ከመውጣቷ በፊት ፍሪዘሩን ከፍታ ቁልፏን አየችና ፊቷ በራ። «ሹሜ እያለች እኔ ምን አስጨነቀኝ» ብላ ግንባሯን ሳመቻት። ሥራ ቦታ ያሉት ሰፊዎች ሁሉ ዘዴውን ከእሷ ወስደው በየፍሪዘራቸው ቁልፍ ማስቀመጥ እንደጀመሩ፣ እሷም የልጇን ጎበዝነት ሳታነሳ እንደማትውል እየሳቀች ነገረቻት። «ለአባባ ዛሬ ሩዝ ስጪያቸው፤ እንቁላል ብቻ አይሆንም» አለችና ያበጡ እግሮቿን ጫማዋ ውስጥ እንደምንም አስገብታ ወጣች።

ሹሟ እነዚያን እግሮች እያሰበች ከረጢቱን ቀደደችና ሩዙን ድስቱ ውስጥ ጨመረች። ውኃ ረጨት አደረገችበት፣ ከደነችው። ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው ሁሉ የእናቷ የዕረፍት ቀን ነው፤ መጣል ማለት ያን ቀን እንዳለ መጣል ነው። ደግሞስ ዲጄዋ ትክክል ብትሆንስ? ክዳኑን ስታነሳ እንፋሎቱ ፊቷን መታት። ቢሸት ይሻላት ነበር። ሩዙ ግን ነጭ ነው፣ ፍሬ ፍሬው ተለያይቷል፣ ሽታውም የሁልጊዜው ነው።

በሳህን አድርጋ አቀረበችላቸው።

«አንቺስ?» አሉ አያቷ።

«በኋላ እበላለሁ አባባ።»

«ብቻዬን መብላት አልወድም። ያን ሁሉ ዘመን ያለ ረዳት ነድቼ አላውቅም። ማንኪያ ይዘሽ ነይ።»

ማንኪያ ይዛ መጣች። ከፊታቸው ተቀመጠች፣ ከሳህኑ ጫፍ ትንሽ ዛቀች፣ ወደ አፏ አስጠጋች። እጇ እዚያው ቆመ። አንድ ጊዜ ዋጥ አድርጋ ልትገላገለው ፈለገች፤ አፏ አልከፈት አላት። እሳቸው ሲበሉ ቁጭ ብላ ልታይ ተዘጋጅታ ነበር፤ እሷ ግን አትበላውም። ይህን ስታውቅ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ። በሕይወቷ እንደዚያን ጊዜ በራሷ አፍራ አታውቅም።

የአያቷ ማንኪያ ሞልቶ እየተነሳ ነው።

«አባባ፣ አይብሉት» አለች።

ማንኪያው መንገድ ላይ ቆመ። «ምነው?»

«ተበላሽቷል።»

አጎንብሰው አሸተቱት። «ምንም አይልም እኮ።»

«አዎ፣ አይልም» አለች።

አያቷ ለአፍታ አዩዋት። ከዚያ ማንኪያውን ወደ ሳህኑ መለሱና ሳህኑን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። «አውቶቡሱ ተበላሽቷል ማለት ነው» አሉ። «ምን ይደረጋል፤ ተሳፋሪው ሌላ ይጠብቃል።»

ከዕቃ መደርደሪያው ላይ የተረፈውን ደረቅ ሩዝ አውርዳ አጠበችና ጣደች። አዲስ ሩዝ ጊዜውን ይወስዳል፤ አያቷ ሦስት ጊዜ መነሻ ሰዓቱን ጠየቁ። ሲደርስ ከአንድ ሳህን አብረው በሉ። ትንሽ አርሮባት ነበር፣ እሳቸው ግን ደገሙ።

እሳቸው ሲያርፉ ከረጢቶቹን ከፍሪዘሩ አውጥታ በትልቁ የቆሻሻ ላስቲክ ውስጥ አንድ በአንድ ጣለች። ሩዙን እየጣለችው መሆኑን ለዲጄዋ በመልእክት ነገረቻት። መልሱ ወዲያው መጣ፤ «ፋራ አትሁኚ፣ መብራት ጠፋ በያት። ቁልፏን ታች አድርጊያት፣ አለቀ።»

ሹሟ ስልኩን ይዛ ቆየች። እውነትም ያልቅ ነበር። ሩዙ ተጥሏል፣ አያቷ ደህና ናቸው፣ ማንም አልተጎዳም። መብራት ደግሞ በየጊዜው ይጠፋል፤ እናቷ መብራት ኃይልን ረግማ ትተወዋለች። ነገ ጠዋትም ግንባሯን ትስማታለች። ብርጭቆውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በረዶው ዳር ዳሩን እየለቀቀ ሄደ፤ ቁልፏ መጀመሪያ ዘመም አለች፣ ከዚያ እየተንሸራተተች ሰመጠች። ሹሟ ጣቷን ነክራ አወጣቻት፣ በቀሚሷ አደረቀቻት፣ ከብርጭቆው አጠገብ ባዶው ጠረጴዛ ላይ አኖረቻት።

እናቷ ስትገባ ምሽት ሆኗል። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ጠረጴዛውን አየች፣ ክፍቱን ፍሪዘር አየች፣ በሩ ሥር የተቋጠረውን ትልቅ ላስቲክ አየች። ትከሻዋ ወደቀ።

«ውይ፣ ያ ሁሉ ሩዝ» አለች። ከዚያ ወዲያው ድምጿን አለሳለሰች፤ ልጇ የደነገጠች መስሏት ነበር። «አይዞሽ ሹሜ፣ ምን ታደርጊ። መብራት ጠፍቶ ነው አይደል?»

አያቷ ከሳሎን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሹሟ ለእናቷ ወንበር ሳበችላት።

«መብራት አልጠፋም፣ እማዬ» አለች።