መርፌዋን አውርዳ የሄደች

ሰፊዋ ከአባቷ ሐዘን ተነሥታ ሱቁን ልትከፍት ብትሄድ በሩ ተከፍቶ ጠበቃት። አንድ ረጅም ወጣት አንድ ዓይኑ ላይ ማጉያ መነጽር ሰክቶ የግድግዳ ሰዓት ሆድ ዕቃ ይጎረጉራል። የስፌት መኪናዋ ጥግ ተገፍቷል።

«ምን ፈልገው ነው?» አላት ቀና ሳይል።

«ሱቄን» አለችው።

ያን ጊዜ ቀና አለ፤ ቀና ብሎም ቶሎ አላቀረቀረም።

ሱቁ የመንግሥት ነው። ኪራዩ በሕግ የተገደበ ስለሆነ እንዲህ ያለውን ያገኘ ሰው በሕልሙም አይለቀውም። አባቷ ዕድሜ ልካቸውን ሲሰፉበት ኖረው፣ ታመው ሲወድቁ እሷ እያስታመመች ሱቁ ተዘግቶ ከረመ። የቤቶች ጽሕፈት ቤት «ተከራዩ ጥሎት ሄዷል» ብሎ ወረፋ ሲጠብቅ ለኖረ ሰው ደለደለው። ወረፋ ጠባቂው ይኸው ሰዓት ሠሪ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ የሰው በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሲሠራ ዝናብ ሲያባርረው የኖረ።

ሰፊዋ ጽሕፈት ቤቱንም ሰዓት ሠሪውንም ከሰሰች። ከአባቷ ጋር ስትሠራ የኖረች ልጅ ናትና ሱቁ ይገባታል፤ ትታው ሄዳ ከሆነ ግን መብቷ ቀርቷል። ፍርድ ቤቱ ይህን እስኪያጣራ ሁለቱም እየተካፈሉ እንዲሠሩበት አዘዘ።

ነገሩን የሰማች አክስቷ የሳሎኗን መጋረጃ አውርዳ አመጣችና የሱቁን መሐል ከፈለችው።

«ከባላጋራሽ ጋር አንድ ጣራ ሥር ከዋልሽ አይቀር ፊቱን እንዳታዪው» አለቻት።

አክስት ብልህ ሴት ናት፤ መጋረጃ ድምፅ እንደማይከለክል ግን ዘነጋችው።

«መኪናዎ ሲሮጥ ሰዓቶቼ ይደነግጣሉ» አለ አንድ ቀን ሰዓት ሠሪው ከወዲያ ማዶ።

«ሰዓቶችዎ ሁሉም የየራሳቸውን ነው የሚቆጥሩት። የቱን እንመን?»

«እርስዎ የሚመጡበትን።»

መርፌው ጣቷን ወጋት። ጥፋቱ የጨርቁ ነው ብላ ጨርቁን ተቆጣችው፣ ግን ፈገግታዋ አልመለስ አላት።

እንዲህ እንዲህ እያለ «እርስዎ» መቼ «አንቺ» እንደሆነ ሁለቱም ሳያውቁት ቀረ። መጋረጃው «ብርሃን ከለከለን» ተብሎ ወደ ጎን ይታሰራል፤ የአክስት ኮቴ ሲሰማ ይፈታል። ሰፊዋ ወደደችው። ወደደችውና ጨነቃት፤ አንዱ ካሸነፈ ሌላው በረንዳ ሊወጣ ነው። የቀጠሮው ቀን ሲቃረብ ከመጋረጃው ወዲህም ወዲያም ሳቅ ጠፋ።

በችሎቱ ቀን ዳኛዋ ሰዓት ሠሪውን ጠየቁት። «ሱቁን ሲረከቡ ውስጡ ምን ነበር?»

ወደ ሰፊዋ ዞረ። ሰፊዋ ጫማዋን ጫማዋን አየች።

«የስፌት መኪና ነበረበት፣ ከነጨርቁ። አንድ እጅጌው ገና ያልተገጠመ የልጅ ኮት። መርፌው ጨርቁ ውስጥ ወርዶ ቆሟል።»

«ታዲያ?»

«ያኔ ምንም አልመሰለኝም። አብሬያት ስውል ነው የገባኝ። ተመልሳ የምትቀጥለውን ሥራ መርፌውን አውርዳበት ነው የምትሄደው፣ ስፌቱ እንዳይንሸራተት። የጨረሰችው ላይ ግን ታነሣዋለች። ይቺ ልጅ ሱቁን አልተወችውም። ልትመለስ ነው የሄደችው።»

የጽሕፈት ቤቱ ጠበቃ ወደ እሱ ዞረ። «በራስዎ ላይ እየመሰከሩ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ ሰዓት ሠሪው።

ሰፊዋ ያቺ ቀን ትዝ አለቻት። አባትሽ ወደቁ ሲሏት ኮቱን እየሰፋች ሳለ ደንግጣ ተነሥታ ነበር፤ እጇ ግን ልማዱን አልረሳም። እንባዋን ብትይዘው እምቢ አላት።

ተፈረደላት። ወደ ሱቁ ተመልሳ ብትገባ ሰዓት ሠሪው ሰዓቶቹን አንድ በአንድ ጨርቅ እየጠቀለለ ነው።

«ግማሹን ያዝ፣ የት ትሄዳለህ?» አለችው።

«አይሆንም። ማከራየት ክልክል ነው ተብሏል። ከቤተሰብ በቀር ማንም ሊሠራበት አይችልም።»

ጨርቁን ከእጁ ወሰደችበት። «እስቲ ድገመው።»

«ከቤተሰብ በቀር ማንም...» እዚያ ላይ ቆመ። እጁ ላይ የያዘው ሰዓት ብቻውን ይቆጥራል።

«እኔ ነኝ እንግዲህ ይህን ሁሉ የምነግርህ» አለች ሰፊዋ። ፊቷ ቀላ፣ ዓይኗን ግን አልሰበረችም። «ማከራየት ነው እንጂ ማግባት ማን ከለከለ?»

የጠቀለለውን ሁሉ መልሶ ይፈታ ጀመር። እሷም አጠገቡ ቆማ ታቀብለው ጀመር፤ እጅ ለእጅ ሲነካካ ሥራው አልሄድ አለ።

በዚህ መሐል ኮቴዋን ማንም ያልሰማላት አክስት በሩ ላይ ቆማለች።

«እኔ አንቺን ፊቱን እንዳታዪው አላልኩሽም ነበር?»

«ቃልሽን ጠብቄያለሁ፣ አክስቴ» አለች ሰፊዋ። «ሳላየው ነው የወደድኩት፤ ስሰማው።»

አክስት ልትቆጣ አፏን ከፍታ ሳቋ ቀደማት። በርጩማ ስባ ላዩ ላይ ወጣችና መጋረጃውን ታወርድ ጀመር።

«በሉ እንግዲህ ያዙልኝ» አለች ከላይ ሆና። «ሳሎኔ ራቁቱን ከርሟል፤ አሁን ደግሞ እንግዳ ሊመጣበት ነው።»