የአደም ቁልቁለት

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ የማምን ሰው አይደለሁም፣ ሃያ ዓመት ስነግድ ያልመጣብኝ ጂን ዛሬ ምን ጎሎት ይመጣል ባይ ነኝ፣ ግን ይቺን ስሙኝና እናንተው ፍረዱ።

አሶሳ ፎቶ ቤት አለኝ። በዚህ ሙቀት በረዶ ሳይሸጥ አይቀርም ብዬ መርካቶ አንድ ባነር አሠራሁ፣ ነጭ ተራራ ብቻ፣ ሌላ ምንም የለበትም። ደንበኛው በረዶ ላይ እንደሚንሸራተቱት ፈረንጆች ሁለት የተሰነጠቀ ቀርከሃ እግሩ ላይ ያስራል፣ ዘንግ ይይዛል፣ ከአግዳሚ ወንበር ላይ ይዘላል፣ ሚስቴ ማራገቢያው ፊት የፉርኖ ዱቄት ትበትናለች፣ እኔ አየር ላይ እንዳለ ቀጭ አደርገዋለሁ። እመኑኝ፣ ያምራል።

ባለፈው በጋ፣ ቀትር ላይ፣ ማንጎ የምትሸጠው ዘይነብ ብቻዬን ሳለሁ መጣች። ወንድሟ አደም በኩርሙክ በኩል ወደ ሱዳን ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ድምፁ ጠፍቷል፤ ከመሄዱ በፊት እኔ ጋ ሲዘል ከተነሳው ፎቶ በቀር ምስሉ የላትም፣ እሱንም ዝናብ አበላሽቶባታል። ፋይሉን ፈልጌ አገኘሁት፣ አተምኩት።

አደም አየር ላይ አልነበረም። አርፎ፣ ጉልበቱን አጥፎ ቁልቁል ይወርዳል፣ ከኋላው ሁለት መስመር ተሰምሯል። ኮምፒውተሩን አየሁ፣ እዚያ አሁንም አየር ላይ ነው። ደግሜ አተምኩ። አሁን ጀርባው ብቻ ነው የሚታየው፣ ርቆ አውራ ጣት አክሏል። ማራገቢያው ጠፍቶ ሳለ ክፍሉ ቀዘቀዘ፣ ከባነሩ ኋላ ከሩቅ አሸዋ የሚፈስ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ፣ ፕሪንተሩ ነው አልኩ፣ ፕሪንተሩ ግን ቆሟል።

ዘይነብ አልደነገጠችም። "ድገም ጋሼ" አለችኝ፣ "ይድረስ።"

ሦስተኛው ወረቀት ላይ አደም የለም። ሁለቱ መስመሮች ወርደው ወርደው የአንዲት ትንሽ ቤት ክፍት በር ላይ ያበቃሉ፣ በመስኮቷ መብራት ይታያል። ባነሩን ያሠራሁት እኔ ነኝ፣ ቤት የለበትም፣ ቤት ቢኖርበት ሂሳብ ይጨምሩብኝ ነበር።

ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጠፈች። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ቀርከሃውን እግሯ ላይ ማሰር ጀመረች።

"እኔንም አንሳኝ" አለች፣ "በሩን ሳይዘጋው።"

ካሜራው እጄ ላይ ነው፣ ባትሪው ሙሉ ነው። ባትሪ አልቋል አልኳት። በንግድ ዕድሜዬ ደንበኛ ስመልስ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየገበያው ቀን ብቅ እያለች ባትሪው ሞላ ወይ ትለኛለች፣ አልሞላም እላለሁ። ትናንት ያንን ወረቀት አውጥታ አሳየችኝ። መብራቱ አሁንም አለ፣ በሩ ግን ገርበብ ብሏል። ይህ ባትሪ እስከ መቼ ሳይሞላ እንደሚቆይ እኔም አላውቅም።